"ለኢሚግሬሽን እደውልብሃለሁ" ለተባላችሁ

ማሳሰቢያ፦ በዋሽንግተን ዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ የሥራ ፈቃድ ሳይኖራችሁ በሬስቶራንት፣ በፓርኪንግ፣ በጽዳት ወይም በሰው ቤት ለምትሠሩ ወገኖች።

"ደመወዜን ስጠኝ" ሲሉት "ለኢሚግሬሽን እደውልብሃለሁ" የሚል አሠሪ አለ። ይህን የሰማ ሰው ብዙ ጊዜ ሽርጡን አውልቆ፣ የሁለት ወር ሂሳቡን ትቶ ይወጣል። ወረቀት ከሌለኝ መብትም የለኝም ብሎ ስለሚያስብ ነው። ከ1938 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ያለው የፌዴራል የደመወዝና የሥራ ሰዓት ሕግ ግን ሠራተኛውን የሚያውቀው በሠራው ሥራ እንጂ በያዘው ወረቀት አይደለም፤ ፍርድ ቤቶችም እንዲሁ ተርጉመውታል። በሳምንት ከ40 ሰዓት በላይ የሠራችሁት በአንድ ተኩል ተባዝቶ ይከፈላል (አሠሪው ቤት እያደራችሁ ለምትሠሩ የኦቨርታይሙ ደንብ ይለያል)። የፌዴራሉ ዝቅተኛ ክፍያ ከ2009 ጀምሮ በሰዓት 7.25 ዶላር ላይ ቆሟል፤ ሜሪላንድ በ2024 15 ዶላር አድርሳዋለች፣ ዲሲ በጁላይ 2025 17.95 ገብቷል። በካሽ መከፈላችሁ ይህን አይቀንሰውም። "አንተ ኮንትራክተር ነህ፣ በ1099 ነው የምትሠራው" መባልም ብቻውን አያስቀረውም። መግቢያ መውጫችሁን የሚወስነው፣ ሥራውን የሚያዝዘው አሠሪው ከሆነ የተቀየረው ስሙ ብቻ ነው።

ዛቻው ራሱ ሕግ መጣስ ነው። ደመወዙን የጠየቀን ሰው መበቀል በፌዴራል ሕግ ተከልክሏል፤ ቨርጂኒያ ደግሞ "ወረቀት የለውም ብዬ እጠቁምብሃለሁ" እያሉ አስፈራርቶ ገንዘብ ወይም ጥቅም መውሰድን ከከባድ ወንጀል ቆጥራዋለች።

ከዛቻው ይልቅ ብዙ ገንዘብ ያስቀረብን ግን ይሉኝታ ይመስለኛል። አሠሪው ያገር ልጅ ነው፤ ስንመጣ ያስጠጋን፣ ሥራ ያስያዘን። እንዴት ይከሰሳል? ስለዚህ ሽማግሌ ይላካል። ሽምግልና መልካም ነው፣ እኔም ገላጋይ ሆኜ ተቀምጫለሁ። ነገሩ "ንግዱ ቀዝቅዟል"፣ "ከፋሲካ በኋላ" እየተባለ ሲጎተት የሕጉ ቀን ግን ይቆጥራል። በፌዴራሉ ሕግ ወደኋላ ሄዶ መጠየቅ የሚቻለው የ2 ዓመት ሂሳብ ነው፤ አሠሪው እያወቀ ከነፈገ የ3 ዓመት። ከዚያ በላይ የቆየው በየሳምንቱ እየተቆረጠ ይቀራል። ሽማግሌ ላኩ፣ ግን ቀን ቁረጡላቸው።

ሰዓታችሁን ዛሬውኑ መጻፍ ጀምሩ። አንዲት እህታችን አንድ ዓመት ሙሉ የጻፈችበትን ደብተር ይዛ ጠበቃ ዘንድ ስትቀርብ ላስተረጉምላት አብሬ ሄጄ ነበር። ገጹ ሁሉ "ከ4 እስከ 5" ይላል። ጠበቃው ቀና ብሎ "በቀን አንድ ሰዓት ብቻ ነው የምትሠራው?" አለኝ። እሷ የጻፈችው በእኛ አቆጣጠር ነው፤ ከጠዋቱ 4 እስከ ምሽቱ 5፣ አሥራ ሦስት ሰዓት። ሰዓቱንም ቀኑንም በፈረንጅ ጻፉ፤ ኤኤምና ፒኤም ጨምሩበት። ስልካችሁ ላይ ያሉትን የሺፍት መልእክቶችና የዜል ክፍያዎች አታጥፉ።

ከሁሉም የሚያሳስበኝ ይኼኛው ነው። ስትቀጠሩ የምትሞሉት አይ-9 የሚባል ቅጽ አለ። "የአሜሪካ ዜጋ ነኝ" የሚለው ሳጥን ላይ ምልክት አታድርጉ፤ ማኔጀሩ "ዝም ብለህ ሙላ" ቢልም፣ ሌላ ሰው ሊሞላላችሁ ቢነሳም። በሕጋዊ መንገድ ገብቶ በኋላ አሜሪካዊት ያገባ ሰው ያለ ፈቃድ መሥራቱ ግሪን ካርድ አያስከለክለውም። ይቺ ምልክት ግን ታስከለክለዋለች፣ ይቅርታ የሚጠየቅበት መንገድም አልተተወላትም። የሌላ ሰው ሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር መጠቀም ደግሞ ራሱን የቻለ ወንጀል ነው።

መብቱም ወሰን አለው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2002 በሆፍማን ፕላስቲክ ጉዳይ፣ የሠራተኛ ማኅበር ደግፎ ያላግባብ የተባረረ ወረቀት የሌለው ሠራተኛ ከተባረረ በኋላ ላለው ጊዜ ደመወዝ አይታሰብለትም ብሏል። የሠራችሁበት ይከፈላችኋል፤ ሳትባረሩ ብትቀጥሉ ኖሮ የምታገኙት ግን ሌላ ነገር ነው። መክሰስ ስምን አደባባይ ማውጣት ስለሆነም፣ በዚህ ሰሞን ምንም ስጋት የለውም የሚላችሁን ሰው አትመኑ። አቤቱታ ከማስገባታችሁ በፊት ጠበቃ አማክሩ፤ ፎርም የሚሞላ ጎረቤት ጠበቃ አይደለም። ገንዘብ የለኝም ብላችሁ አትቅሩ፤ በደመወዝና የሥራ ሰዓት ሕጉ ሠራተኛው ከረታ የጠበቃውን ክፍያ የሚሸፍነው አሠሪው ነው፣ የተነፈገውም ደመወዝ እጥፍ ሆኖ ሊከፈል ይችላል።

ሥራ ላይ ከተጎዳችሁ ወረቀት አለመኖሩ ካሳውን አያስቀርም፤ ለአሠሪው ግን በጽሑፍ አሳውቁ፣ በቨርጂኒያ በ30 ቀን፣ በሜሪላንድ በ10 ቀን ውስጥ።

የፌዴራሉ የሠራተኛ ሚኒስቴር የደመወዝና የሥራ ሰዓት ክፍል ስልክ 1-866-487-9243 ነው። ስትደውሉ ስማችሁን ሳትናገሩ ጥያቄ ብቻ መጠየቅ ትችላላችሁ፤ የአማርኛ አስተርጓሚ ጠይቁ፣ ደብተራችሁንም ከፊታችሁ አስቀምጡ።