የአውሮፓውን ዳገት ትታችሁ ኪጋሊ ሂዱ

የብስክሌት ውድድር ለማየት ባሕር ማዶ ልሄድ ነው የሚለኝን ሰው መጀመሪያ የምጠይቀው «በፊትህ ስንት ጊዜ ያልፋሉ?» ብዬ ነው። ቱር ደ ፍራንስን መንገድ ዳር ቆሞ ማየት ከጠዋት ጀምሮ ፀሐይ ላይ መዋል ነው። መጀመሪያ ኮፍያና ከረሜላ የሚበትኑት የማስታወቂያ መኪኖች ያልፋሉ። ከዚያ ጋላቢዎቹ ይመጣሉ። ቦታው ሜዳ ከሆነ ዓይን እስኪለምዳቸው እንኳ አይጠብቁም፣ ዥው ብለው ይሄዳሉ። እንደ አልፕ ደ ዌዝ ያለ 21 ጥምዝ ያለው ዳገት ላይ ተበታትነው ስለሚመጡ ይሻላል። ቢሆንም ካለፉ አለፉ ነው።

መግቢያ አይከፈልም ይባላል፤ እውነት ነው። እኛ ግን የምንከፍለው ሌላ ቦታ ነው፦ የሼንገን ቪዛ ቀጠሮ፣ የባንክ ስቴትመንት፣ የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ። ሰው ዳገት ሲወጣ ለማየት ነው የምሄደው የሚል አመልካችን ደግሞ የትኛው ቆንስላ ያምነዋል?

ስለዚህ የዓለም የጎዳና ብስክሌት ሻምፒዮናው በታሪኩ ለመጀመሪያ ጊዜ አፍሪካ ውስጥ፣ ኪጋሊ ላይ፣ መስከረም 2018 ሲደረግ አልቀረሁም። ሩዋንዳ አፍሪካዊን ቪዛ አምጣ ብላ አታንከራትትም። ከተማዋ ለሳምንቱ ትምህርት ቤት ዘግታለች፤ ጣሪያው፣ አጥሩ፣ የዛፉ ቅርንጫፍ ሳይቀር ሰው ነው። ኤርትራውያኑ ባንዲራቸውን ለብሰው ከየአገሩ መጥተዋል። የብስክሌት ፍቅር ምን እንደሚመስል ማየት የፈለገ እነሱ አጠገብ ይቁም።

እኔ የቆምኩት ኪሚሁሩራ ዳገት ላይ ነበር። መንገዱ ኮብልስቶን ነው፤ የሰፈራችን ዓይነት። መስከረም 11፣ ጋላቢዎቹ ተራ በተራ በሚነሡበት የሰዓት ሙከራ፣ ቤልጅየማዊው ኤቨንፑል ከስሎቬኒያዊው ፖጋቻር 2 ደቂቃ ተኩል ዘግይቶ ተነሥቶ ኮብልስቶኑ ላይ ደረሰበት፣ አልፎትም ሄደ። በዘመኑ ወደር የለውም የተባለ ሰው ዓይናችን እያየ ሲታለፍ ጩኸቱ ለአፍታ ተቋርጦ እንደገና ፈነዳ። ቴሌቪዥን ዳገትን ያስተኛዋል። ቆማችሁ ስታዩት ግን ጎማው ድንጋዩ ላይ ሲንገጫገጭ፣ ሰንሰለቱ ሲንኳኳ ይሰማል፤ ማልያው ላይ የደረቀው የላብ ጨው ሳይቀር ይታያል።

በሳምንቱ ፖጋቻር ተበቀለ። 267.5 ኪሎ ሜትር ካለው የጎዳና ውድድር ከ100 በላይ ሲቀረው ከዋናው ቡድን ተነጥሎ ወጥቶ አሸነፈ፤ ኤቨንፑል ሁለተኛ ሆነ። ውድድሩን የጨረሱት 30 ብቻ ናቸው። የከተማውን ዙር ደጋግመው ስለሚዞሩ አንድ ቦታ የቆመ ሰው ማን እየደከመ፣ ማን እያደባ እንደሆነ በየዙሩ ይከታተላል። ከፈረንሳይ ይልቅ ይህን የምመርጠው ለዚህ ነው።

የሩዋንዳ መንግሥት በምሥራቅ ኮንጎ ጉዳይ እየተወቀሰ ይህን ድግስ መደገሱ ለገጽታ ግንባታ ነው ያሉ ነበሩ፤ አልተሳሳቱም። ያልገባኝ የሌላው ቅሬታ ነው። አንዳንድ የአውሮፓ ፌዴሬሽኖች ወጪው በዛ ብለው ወጣቶቻቸውን አስቀሩ። የአፍሪካ ፌዴሬሽኖች ይህንኑ ወጪ፣ ከነቪዛ ክልከላው፣ በየዓመቱ ሲሸከሙ ኖረዋል፤ ያኔ ማንም በዛ አላለም። እንዲያም ሆኖ መቀሌ ያፈራችው ጽጋቡ ግርማይ እ.ኤ.አ. በ2016 ቱር ደ ፍራንስ ላይ የተሰለፈ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ፤ ኤርትራዊው ቢንያም ግርማይ በ2024 እዚያው ሦስት ቀን አሸንፎ የነጥብ መሪውን አረንጓዴ ማልያ ወሰደ። እንደ እነሱ ላሉ ልጆች በአንድ ሻምፒዮና ብቻ «አፍሪካንም አየናት» ተብሎ በሩ መዘጋት የለበትም።

እኛስ? ገረመው ደንቦባ እ.ኤ.አ. በ1956ቱ የሜልቦርን ኦሎምፒክ ብስክሌት የጋለበላት አገር ከኪጋሊ የሚከብድ እንጂ የሚያንስ ዳገት የላትም። አውሮፓውያኑ ኪጋሊ ላይ አየሩ ሳሳብን ሲሉ የሰማ የእንጦጦ ልጅ ምን ይላቸው ይሆን?

ሻምፒዮናው ቢያመልጣችሁም ቱር ዱ ሩዋንዳ በየዓመቱ የካቲት አካባቢ አለ። ብስክሌት የምትወዱ፣ የሼንገን ቀጠሮ ከምትጠብቁ ለእሱ ቆጥቡ። ስትሄዱ ሜዳ ላይ አትቁሙ፤ ዳገት ፈልጉ፤ ኮፍያና ውኃም ያዙ።