የሐረጎ ዳገትና የእህቴ ልጅ መኪና

ባለፈው እሑድ እህቴ ቤት ቡና ተጠርተን ነበር። አቦሉ ተጠጥቶ ቶናው ሳይቀዳ የእህቴ ልጅ ስልኩን ይዞ አጠገቤ ኩርምት አለ። ይህ ልጅ እንዲህ ሲጠጋኝ አንድም ገንዘብ ይፈልጋል፣ አንድም እናቱን እንዳሳምንለት ይፈልጋል። የዚያን ዕለት ግን ሁለቱንም አልነበረም።

«ጋሼ፣ ካታሊቲኩን ላስወጣው ወይስ በሌላ ልቀይረው?» አለኝ።

እህቴ ከረከቦቱ ቀና ብላ «ደግሞ ምኑን ነው የሚያስወጣው?» አለች። ጥያቄዋ ትክክል ነው። ከናንተም መካከል ብዙዎቻችሁ ይህንኑ እንደምትጠይቁ ስለማውቅ፣ የዛሬውን ዓምዴን ለዚህች ከመኪና ሥር ለተንጠለጠለች ቆርቆሮ ሰጥቻታለሁ።

ልጁ የሚሠራው ኮምቦልቻ ነው፤ የሚያድረው ደሴ። በየቀኑ ሐረጎን ይወርዳል፣ ይወጣል። ከዓመት በፊት ጥሪቱን አራግፎ ከአዲስ አበባ አንዲት የ2001 እ.ኤ.አ. ሞዴል ቶዮታ ሴሊካ ይዞ መጣ። ሁለት በር ብቻ ያላት፣ ወገቧ ዝቅ ያለ፣ ፒያሳ ላይ ስትቆም ልጆች የሚከቧት መኪና ናት። እህቴ ግን ከኋላ ወንበር ለመግባት ታጥፋ፣ ተጣጥፋ ስለሆነ «ይቺ መኪና የጠላት ናት» ትላለች።

ታዲያ ሴሊካዋ ሜዳ ላይ እንደ ስሟ ናት። ሐረጎን ስትያያዘው ግን ትንፋሿ ያጥራል። በሁለተኛ ማርሽ እያቃሰተች ስትወጣ አይሱዙ ከኋላዋ ጡሩንባ ይነፋባታል። ይህ ለወጣት ሞት ነው። አንድ ጋራዥ ወሰዳት። መካኒኩ ከሥር ገብቶ ወጣና፣ «ያፈናት ይሄ ነው። ቆርጠን ቀጥታ ቱቦ እንበይድላታለን። አሮጌውን ደግሞ እኔ እገዛሃለሁ» አለው። ቨርጂኒያ ያለው የአጎቱ ልጅ በበኩሉ በስልክ፣ «እንዳታስወጣው! ባለ 200 ሴሉን ‹ሃይ ፍሎው› ግጠምበት» ብሎታል። ልጁ በሁለቱ መካከል ተወጥሮ ነው ወደ እኔ የመጣው።

ካታሊቲክ ኮንቨርተር የሚባለው ነገር በሞተሩና በማርሚታው መካከል የተቀመጠ ሳጥን ነው። (ማርሚታ ያልነውን ቃል ያገኘነው ከጣሊያን ነው፤ በአገራቸው ድስትም ማለት ነው። ወገኖቼ፣ ድስት ከመኪና ሥር ማንጠልጠል የጀመርነው ዛሬ አይደለም።) ሳጥኑ ውስጥ እንደ ንብ ቀፎ የተበሳሳ ሸክላ ወይም ቀጭን የብረት ቅጠል አለ። የቀፎው ግድግዳ በፕላቲኒየም፣ በፓላዲየምና በሮዲየም ተለብጧል። ጭሱ በእነዚህ ቀዳዳዎች ሲያልፍ ገዳዩ ካርቦን ሞኖክሳይድ ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለወጣል፤ ሳይቃጠል ያመለጠው ቤንዚን ይቃጠላል፤ የናይትሮጅን ኦክሳይዶቹም ተፈትተው ተራ ናይትሮጅን ይሆናሉ። ይህን የሚሠራው ግን ከሞቀ በኋላ ነው፤ እስከ 250 ወይም 300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ድረስ ካልጋለ እንደተኛ ነው። አሜሪካኖች በብዛት መግጠም የጀመሩት በ1975 እ.ኤ.አ. ሞዴሎች ላይ ነው። ቤንዚን ውስጥ ይጨመር የነበረው እርሳስም የተወገደው በአብዛኛው በእሱ ምክንያት ነው፤ እርሳስ ቀፎውን ይገድለዋልና።

መካኒኩ አሮጌውን ሊገዛ የፈለገውም በሸክላው ፍቅር አይደለም። ሮዲየም በመጋቢት 2013 ዓ.ም. አንዷ ወቄት ከ29 ሺህ ዶላር በላይ ወጥታ ነበር። ያን ጊዜ በአሜሪካ ሌቦች ሌሊት ከቆመ መኪና ሥር እየገቡ ሲቆርጡት አደሩ። ዋጋው ከዚያ ወዲህ ብዙ ወርዷል፤ ያም ሆኖ «ቆሻሻ ነው፣ ላንሳልህ» የሚላችሁ ሰው ቆሻሻ እንዳልሆነ ያውቃል።

አሁን ወደ ሐረጎ እንመለስ። ልጁን ወረቀትና ብዕር አስመጣሁትና አንድ ሒሳብ አብረን ሠራን። የሴሊካዋ 1.8 ሊትር ሞተር ፋብሪካው 140 የፈረስ ጉልበት ገደማ ይሰጣል ያለው በባሕር ጠለል ላይ ነው። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ነች፤ ደሴ 2,500 ገደማ። ደሴ ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለሉ ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር ደግሞ የሚጠጣው አየር በቀነሰ መጠን ጉልበቱ ይቀንሳል። 140 የነበረው ጦሳ ሥር ሲደርስ ወደ 105 ይወርዳል። አንድ አራተኛው የት ሄደ? የወሰደው ሰማዩ ነው። ጤነኛውን ካታሊቲክ አውጥተህ ብትጥለው የምታተርፈው ከመቶ ጥቂት እጅ ቢሆን ነው፤ ሐረጎ ላይ ከጡሩንባ አያድንህም።

«ታዲያ ለምን አምና እንዲህ አልነበረችም?» አለኝ። ይቺ ጥሩ ጥያቄ ናት፤ ኋላ እመለስባታለሁ። በፊት ግን የራሴን ኃጢአት ልናዘዝ፤ እህቴም ፊት ተናዝዤዋለሁ።

ከሰባት ዓመት በፊት እኔም አስቆርጫለሁ። መኪናዬ ኮሮላ ነበረች። ስሙን የማልጠራው ጋራዥ ውስጥ ያው ንግግር ተነገረኝ፤ ቀጥታ ቱቦ ተበየደልኝ፤ አሮጌው ላይ ጥቂት ብር ተመለሰልኝ። ድምፅዋ ጎርነን ብሎ ሲወጣ ደስ አለኝ፣ ልዋሻችሁ አልችልም። ለሳምንት ያህል ወጣት ሆኜ ሰነበትኩ።

ከዚያ ክረምት ገባ። የሐረጎን የሐምሌ ጉም የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ መስኮት ከፍታችሁ የምትነዱበት ወቅት አይደለም። ባለቤቴና ትንሿ ልጄ ከኋላ፣ እኔ ከፊት ሆነን ከኮምቦልቻ ስንወጣ ልጄ «አባዬ ራሴን» አለች። ጥምዝምዙ ነው አልን። በሌላ ቀን አስመለሳት፤ ምሳዋ ነው አልን። በሦስተኛው ጉዞ ባለቤቴ ራሷ ወሬ ጀምራ በመሐል ዝም አለች። በመስታወት ሳያት ዓይኗ ይከደናል፤ ልጄ ጭኗ ላይ ተኝታለች፤ ስጠራት አትመልስም። ዳር ይዤ ቆምኩና በሮቹን ሁሉ ከፈትኩ። እዚያ ጉምና ብርድ ውስጥ ልጄን አቅፌ የቆምኩባት ግማሽ ሰዓት እስከ ዛሬ በሕልሜ ትመጣለች።

ተረፉልኝ። በማግሥቱ ሌላ መካኒክ መኪናዋን አንሥቶ ሲያይ፣ የተበየደው መገጣጠሚያ ልክ ከኋላ ተሳፋሪ እግር ሥር ተሰንጥቋል። ከወለሉ ላይ ደግሞ አንዲት የጎማ መድፈኛ ወድቃ ቀዳዳው ተከፍቷል። ጭሱ ከማርሚታው ሳይደርስ ወደ ልጄ ይመጣ ነበር።

ደሴ ክረምት ላይ ከሰል አቀጣጥሎ በር ዘግቶ የተኛ ሰው ሲሞት ሰምተን እናውቃለን። ጋዙ ያው ነው። ሽታ የለውም፤ ደም ውስጥ ገብቶ የኦክስጅንን ቦታ ከ200 እጥፍ በላይ አጥብቆ ይይዛል። ከፍታ ላይ ደግሞ መጀመሪያውኑ ኦክስጅኑ ትንሽ ነው። ካታሊቲክ ያለው ቱቦም ቢሰነጠቅ አደጋ ነው፤ በተለይ ስንጥቁ ከካታሊቲኩ በፊት ከሆነ። ግን ካታሊቲክ የሌለው መኪና የሚያፈሰው ያልተጣራውን ነው። የእኔ ጥፋት ድርብ ነበር፤ ማጣሪያውን ሸጥኩ፣ በርካሽ ብየዳ ተካሁት።

እህቴ ይህን ስትሰማ ጀበናውን አስቀመጠችና ልጇን አየችው። ከኋላ ወንበር የምትቀመጠው እሷ ናት።

አሁን ወደ ልጁ ጥያቄ፤ «ለምን አምና እንዲህ አልነበረችም?» ያለው። ካታሊቲክ እንደ ጎማ አያልቅም፤ የሚገድለው ሌላ ብልሽት ነው። ካንዴላ ሳይተኩስ ሲቀር ጥሬ ቤንዚን ቀፎው ላይ ይነድድና ሸክላውን ያቀልጠዋል። ሞተሩ ዘይት የሚበላ ከሆነ አመዱ ቀዳዳውን ይደፍናል። ሴሊካ ውስጥ ያለው 1ዜድዜድ የሚባለው ሞተር ደግሞ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ምርቶቹ በዘይት መብላት የታወቀ ነው፤ የፒስተን ፋሻው ይጣበቃል። «በስንት ጊዜ ዘይት ትጨምራለህ?» አልኩት። ወደ እናቱ አየና ድምፁን ዝቅ አድርጎ «በየሁለት ሳምንቱ» አለ።

በቃ! በሽታው ተገኘ ማለት ነው፤ ግን መርምረን እንጂ ጠንቁለን አይደለም። ሰኞ ዕለት አብሬው ሄድኩ። ከካታሊቲኩ በፊት ያለውን የኦክስጅን ሴንሰር አስወልቀን በቦታው የግፊት መለኪያ አስገጠምን። ሞተሩ 2,500 ዙር ላይ ሲይዝ መለኪያው ከ3 ፒኤስአይ በላይ ካነበበ ጭሱ ታፍኗል ይባላል። የእሱ ከዚያ አልፎ ሄደ። በጎማ መዶሻ ሳጥኑን ቀስ ብለው ሲመቱትም እንደ ጸናጽል ተንሿሿ፤ ውስጡ ተሰባብሯል። ስለዚህ መካኒኩ ስለ መታፈኑ አልዋሸም። የዋሸው ስለ መድኃኒቱ ነው።

እንግዲህ መቀየር አለበት። በምን? የቨርጂኒያው ልጅ ያለው «200 ሴል» ማለት በአንድ ስኩዌር ኢንች ውስጥ 200 ቀዳዳ ማለት ነው። የፋብሪካዎቹ በአብዛኛው 400 ወይም 600 ናቸው፤ ለውድድር መኪና 100ም አለ። ቀዳዳው ባነሰ ቁጥር እያንዳንዱ ይሰፋል፣ ጭሱ ይቀለዋል፤ ነገር ግን የሚነካው የተለበጠ ግድግዳ ስለሚያንስ ማጥራቱም ይቀንሳል። ባለ 100ውን ወደ ቤተሰብ መኪና አታምጡብኝ። ባለ 200 ከሆነ ከሸክላ ይልቅ የብረት ቅጠል ቀፎ ያለው ይሻላል፤ ግድግዳው ስስ ስለሆነ ቶሎ ይሞቃል፣ በኮብልስቶን መንቀጥቀጥም አይሰበርም። ያም ሆኖ ዳሽቦርድ ላይ የሞተር መብራት ሊያበራ ይችላል፤ ከኋላ ያለው ሴንሰር «ማጣሪያው ደክሟል» ብሎ ያስባልና። የእኔ ፍርድ ግልጽ ነው፤ ሐረጎን በየቀኑ ለሚወጣ፣ እናቱን ከኋላ ለሚጭን ሰው ጥሩ ባለ 400 ይበቃዋል። ልጁ ግን ልቡ 200ው ላይ ነው። አልፈረድኩበትም፤ መኪናዋ ስፖርት ናት፣ እሱም 26 ዓመቱ ነው።

ከቁጥሩ ይልቅ የተጨቃጨቅነው በሌላው ነው። በሞተሩ መጠን ልክ የተሠራ ይሁን። የቱቦው ስፋት ከነበረው ብዙ አይለፍ፤ አለቅጥ የሰፋ ቱቦ በዝቅተኛ ዙር ጉልበት ሊቀንስ ይችላል፣ ዳገት ላይ የሚያስፈልገው ደግሞ እሱ ነው። ቦታው ከነበረበት ወደ ኋላ አይራቅ፤ ከሞተሩ ከራቀ ቶሎ አይሞቅም። ቆዳው የማይዝግ ብረት ይሁን። በርካሽ የሚሸጠውን ገልብጣችሁ ወደ ብርሃን እዩት፤ አንዳንዱ ውስጡ ቀፎ የሌለው ባዶ ቆርቆሮ ነው። ብየዳው በአርጎን ይሁን፤ መገጣጠሚያው በብሎንና በጓርኒሲዮን ቢሆን ደግሞ ለነገ መፍቻም ይመቻል። ሲያልቅ ቱቦው ላይ የሳሙና አረፋ ቀብታችሁ፣ ቀዝቃዛው ሞተር ሲነሣ አረፋው የሚፈላበትን ፈልጉ። እኔ ይህቺን የሁለት ደቂቃ ሥራ ብሠራ ኖሮ ያ የሐምሌ ቀን አይኖርም ነበር።

ለቨርጂኒያው ልጅ ነገሩ ቀላል ነው። እሱ በሚኖርበት በሰሜን ቨርጂኒያ መኪና በየሁለት ዓመቱ የጭስ ምርመራ አለበት፤ ካታሊቲክ የሌለው አያልፍም። እኛ ዘንድ ልጁን የሚይዘው እናቱ ናት። ከጥር 2016 ዓ.ም. ወዲህ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሄዱ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ስለተከለከለ ደግሞ፣ ያሉን አሮጌዎች ገና ብዙ ዓመት አብረውን ይኖራሉ። ጭሳቸውም።

«እሺ፣ ዛሬ ልዘዘዋ!» አለኝ ልጁ ከጋራዡ ስንወጣ። አይሆንም አልኩት። ዘይት የሚበላ ሞተር ላይ አዲስ ካታሊቲክ መግጠም በቀዳዳ እንስራ ውኃ መቅዳት ነው፤ በዓመቱ ይኸኛውም ይደፈናል። መጀመሪያ ፋሻው፣ ካንዴላዎቹ፣ ከዚያ ካታሊቲኩ። ፊቱ ጠቆረ፤ የፋሻ ሥራ ሞተር ማስወረድ ነውና ዋጋው ቀላል አይደለም። ጥቂት አሰበና «አብሽር ጋሼ፣ ሁለት ወር በሚኒባስ እመላለሳለሁ» አለ።

ሞተሩ ዛሬ ወርዷል። ባለ 200ው ተመርጧል፤ ከቨርጂኒያ ለእንቁጣጣሽ የሚመጣ ዘመድ በሻንጣው ሊይዝለት ቃል ገብቷል። እህቴ ደግሞ ያቺን የሳሙና አረፋ ምርመራ እኔ ራሴ ቆሜ እንዳሠራት አስምላኛለች። እስከዚያ ድረስ ከማንም መኪና ኋላ ወንበር ስትቀመጥ፣ ብርድም ቢሆን መስኮቱን አንድ ጣት ያህል ዝቅ ታደርጋለች።