ዋሽንግተን ስንት ሰዓት ይርቃል?

ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን በአየር 11,500 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሲሄዱም ሲመጡም ርቀቱ ያው ነው። ሰዓቱ ግን ያው አይደለም። ከዋሽንግተን በቀጥታ ወደ ቦሌ የሚበር አውሮፕላን 13 ሰዓት ገደማ ይፈጅበታል። ከቦሌ የሚነሳው ግን መንገድ ላይ አርፎ ነዳጅ ሲቀዳ ወደ 17 ሰዓት ይጠጋል።

ለምን? ብዙዎቻችን «ተሳፋሪ ለመልቀም ነው» ብለን እናልፈዋለን። ዋናው ምክንያት ሌላ ነው። ቦሌ ያለው ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነው። እዚያ አየሩ ስስ ነው፤ ክንፉም ሞተሩም እንደ ቆላው አይታዘዙም። መንገደኛውንና ጓዙን ጭኖ፣ በዚያ ላይ እስከ አሜሪካ የሚያደርስ ነዳጅ ሞልቶ መነሳት ይከብዳል። ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍሰው የላይኛው ነፋስም ሲሄድ ከፊት ይገፋዋል፣ ሲመለስ ከኋላ ያግዘዋል። ስለዚህ በየጊዜው ሮም፣ ደብሊን፣ ሎሜ ሲታረፍ ኖሯል። በደብሊን መዞር በርቀቱ ላይ የሚጨምረው 300 ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም፤ ሰዓቱን የሚበላው መውረድና መነሳቱ ነው። እቴጌ ጣይቱን ግን አንወቅስም፤ አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር ቦይንግ አልነበረም።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። እናት አዲስ አበባ ላይ ከጠዋቱ 2 ሰዓት አረፈች እንበል። በፈረንጆቹ የክረምት ወራት ዋሽንግተን ያኔ እኩለ ሌሊት ነው። ልጅ ወዲያው ቢነገረው፣ ትኬት አግኝቶ ረፋዱ ላይ ቢሳፈር እንኳ ቦሌ የሚደርሰው በማግስቱ ጠዋት ነው። ቀብር ደግሞ እኛ ዘንድ አይቆይም። ልጅ በቀጥታ የሚገባው ድንኳን ውስጥ ነው።

ይሄ ሁሉ የሆነው በአውሮፕላኑ ምክንያት ነው? አይደለም። እናት ከታመመች ሦስት ወር ሆኗታል። ልጅ በደወለ ቁጥር ግን «ደህና ናት፣ ትንሽ ጉንፋን ይዟት ነው» ይባላል። ሐኪሙ ያወቀውን፣ ጎረቤት ያወቀውን፣ የዕድሩ ጸሐፊ ያወቀውን ልጅ ብቻ አያውቅም።

«በሰው አገር ብቻውን ነው፣ ይደነግጣል» የሚለውን መልስ እናውቀዋለን። ከፍቅር የመጣ ነው። ወረቀት ያላለቀለት፣ ከሥራ ፈቃድ የማያገኝ፣ የትኬት ገንዘብ የሌለው ብዙ መሆኑንም እናውቃለን። እሱም ቢሆን እናቱን በስልክ ሊሰናበታት ይችላል። መምጣት አለመምጣቱን የሚወስነው ግን እሱ እንጂ እኛ አይደለንም።

ቀብሩ አንድ ቀን ይቆይ ብለን ከሽማግሌዎችና ከሃይማኖት አባቶች ጋር አንከራከርም። የምንለው ቀላል ነው። የ13 ሰዓት መንገድ የሦስት ወር ዝምታ ሲታከልበት የማይደረስበት ይሆናል። ሐኪሙ የነገራችሁ ዕለት ደውሉለት።