ለልጅ የሚስማማ ፈረስ

በአባቶቻችን ዘመን ፈረስ የባለቤቱ ክብር ነበረ። ዳግማዊ ምኒልክ አባ ዳኘው፥ ራስ መኰንንም አባ ቃኘው እየተባሉ በፈረሳቸው ስም ይጠሩ ነበር። ነገር ግን ለአባት ክብር የሆነው ፈረስ ለልጅ አደጋ ሊሆን ይችላል።

ባለፈው የጥምቀት ሰሞን ደብረ ሲና ሳለን፥ አንድ የተከበሩ ሰው የዘጠኝ ዓመት ልጃቸውን በራሳቸው ድንጉላ ላይ አስቀምጠው አየን። ልጁ ፈርቶ ዛቡን በሙሉ ኃይሉ ሳበ፤ ፈረሱም አፉን ቢያመው በኋላ እግሩ ቆመ። በእግዚአብሔር ቸርነት ልጁ የወደቀው በሣር ላይ ነው። አባትየው ፈረሱን ገሠጹት፤ ጥፋቱ ግን የፈረሱ አልነበረም። የጥንቱ የአገራችን ልጓም የታች መንጋጋውን የሚይዝ የብረት ቀለበት ስላለው፥ ለሠለጠነ እጅ እንጂ ለልጅ እጅ አይሆንም።

በእንግሊዝ አገር ፖኒ የሚባል ትንሽ ፈረስ አለ። የዌልስን ተራራ ፈረስ ከዐረብ ፈረስ ጋር እያዳቀሉ፥ መልኩ ያማረ ጠባዩም የለዘበ ዘር አውጥተው ልጆች በትርኢት ይቀመጡበታል። ቁመቱ ከመሬት እስከ ጫንቃው ከ148 ሳንቲ ሜትር አያልፍም።

እኛ ግን ይህን ከሩቅ መሻት አያስፈልገንም፤ የደጋው ፈረሳችን አብዛኛው ከዚህ ልክ በታች ነውና። በ2004 ዓ.ም. ገደማ የታተመ የሊቃውንት ጥናት የኢትዮጵያን ፈረሶች በስምንት ወገን ሲከፍል፥ የሰላሌ ፈረስ አንዱ ነው። ለእኛ የጎደለን ዘር ሳይሆን ማሠልጠን ነው።

ስለዚህ ወላጆች ይህን ልብ ይበሉ። ለልጅ ድንጉላ አይሰጥም፤ በጸጥታው የታወቀ ሰንጋ ወይም ዕድሜዋ የገፋ ባዝራ ይመረጥ። ልጓሙ ልዝብ፥ እርካቡም ለልጁ እግር የተለካ ይሁን፤ በራሱም ላይ ጠንካራ ቆብ ይድፋ። ወደ ቆላ የሚወርደው ገደል የበቅሎ መንገድ ነውና፥ ትምህርቱ ከጣርማ በር በላይ ባለው ሜዳ ይጀመር፤ ዛቡንም አስቀድሞ ዐዋቂ ሰው ይያዝ። ከሁሉ በፊት ግን ልጁ ኮርቻ ላይ ሳይወጣ ፈረሱን ያብላ፥ ያጠጣ፥ ጋማውን ያበጥር፥ ሰኮናውን ይጥረግ።

ልጁ እንደ አያቶቹ በፈረሱ ስም እንዲጠራ የሚመኝ አባት፥ አስቀድሞ የፈረሱን ጠባይ ያስተምረው።