እርሾ ለኩሬያችን፦ የዓሣ አርቢዎች ማኒፌስቶ

የአንድ ቆሮሶ ሆድ በቢላ ሲከፈት ከዓሣው ቁመት በብዙ እጥፍ የሚረዝም፣ እንደ ክር የተጠመጠመ ቀጭን አንጀት ይወጣል። በዚያ ክር ውስጥ ዓይን የማያየው መንደር አለ፤ መኖ ይፈጫል፣ በሽታ ይመክታል። የተነሣነው ለዚህ መንደር ነው።

እናቶቻችን ከቦካው ሊጥ ላይ የሚያቀሩትን ቢጫ ውኃ ለነገው ቡሖ ያስቀምጡታል። እርሾው ካማረ ሊጡ ያምራል። በዓሣ አንጀትም እንዲሁ ነው። ፕሮባዮቲክ የሚባሉት ጠቃሚ ባክቴሪያዎች ቦታውን ቀድመው ይይዛሉ፤ ከጎጂዎቹ ጋር ምግብ ይሻማሉ፤ አሲድ እያመነጩ ያዳክሟቸዋል።

ጤነኛ ዓሣን ከመኖ ጋር እየቀላቀሉ አንቲባዮቲክ ማብላትን እንቃወማለን። መድኃኒቱ ደጉንም ክፉውንም ይጨርሳል፤ የተረፈው ውኃ ውስጥ ገብቶ መድኃኒት የተላመዱ ባክቴሪያዎችን ያበዛል፤ መዘዙም ለሰው ይተርፋል።

ይቻላል! ኖርዌይ እ.ኤ.አ. በ1987 ለዓሣ እርባታዋ ወደ 50 ቶን የሚጠጋ አንቲባዮቲክ ተጠቅማለች። ክትባት ከተስፋፋ በኋላ የሳልሞን ምርቷ ከ1 ሚሊዮን ቶን ሲያልፍ መድኃኒቱ ከ1 ቶን በታች ወርዷል። የአውሮፓ ኅብረትም እ.ኤ.አ. በ2009 ፔዲዮኮከስ አሲዲላክቲሲ የተባለውን ባክቴሪያ በሳልሞን ወገን ዓሦችና በሽሪምፕ መኖ ውስጥ እንዲጨመር ፈቅዷል።

ስለዚህ፦

1. አንቲባዮቲክ ለታመመ ዓሣ ብቻ፣ በባለሙያ ትእዛዝ ብቻ ይሰጥ።

2. ተመራማሪዎቻችን ከጣና፣ ከሐዋሳና ከጫሞ ሐይቆች ዓሦች አንጀት ጠቃሚ ባክቴሪያ ይፈልጉ። ለአንዱ ዓሣ የበጀው ለሌላው ላይበጅ ይችላልና ለቆሮሶ የታሰበው በቆሮሶ፣ ለአምባዛ የታሰበው በአምባዛ ይፈተን።

3. መድኃኒት የመላመድ ባሕርይን ወደ ሌሎች የሚያስተላልፍ ባክቴሪያ ወደ ኩሬ አይግባ።

4. ሻጭ በማሸጊያው ላይ የባክቴሪያውን ስም፣ በሕይወት ያለውን ብዛትና የሚያበቃበትን ቀን ይጻፍ። የሞተ እርሾ ሊጥ አያቦካም።

5. የባሲለስ ወገን ባክቴሪያዎች ዘር መሰል ቅርፊት ስለሚሠሩ የመኖ ፋብሪካን ሙቀት ይችላሉ፤ የላክቶባሲለስ ወገኖች ግን አይችሉም። አርቢው ይህን ተምሮ ሙቀት የማይችለውን መኖው ከቀዘቀዘ በኋላ ይጨምር።

ፕሮባዮቲክ የቆሸሸ ውኃን አያነጻም፤ የተጨናነቀ ኩሬንም አያሰፋም። ንጹሕ ውኃና በቂ ቦታ ይቀድማሉ።

አርቢ ወገናችን ሆይ! ዓሣህ ሲሞት መድኃኒት ፍለጋ ከመሮጥህ በፊት ዓሣህ ሳይታመም አንጀቱን አስብ። ኩሬህን እንደ እናትህ ቡሖ ዕቃ ጠብቀው።