ከጓንግዡ በፊት ኮልቾ



ሰሞኑን በጀመዓችን ሁለት ወሬ በዝቷል። አንዱ የቻይና ስኮላርሺፕ ነው፤ ማን አመለከተ፣ ማን ተቀባይነት አገኘ፣ ምግቡንስ እንዴት ይችሉታል እየተባለ ይወራል። ሌላው በመንፈቀ ዓመቱ እረፍት ወደ ኮልቾ የታሰበው ጉዞ ነው። የመጀመሪያው የሕይወት ጉዳይ፣ ሁለተኛው የአንድ ቀን ሽርሽር ተደርጎ ይታያል። እኔ ከዚሁ ግቢ ከተመረቅሁ በኋላ ሁለት ዓመት ጓንግዡ ውስጥ ለነጋዴዎች ዕቃ በማስጫን ሥራ ላይ ነበርኩ። ካየሁት ተነስቼ የምለው አንድ ነገር ነው፦ ኮልቾ ላይ እንግድነት ያላወቀበት ሰው ጓንግዡም ላይ አያውቅበትም።

እስቲ ከጓንግዡ ልጀምር። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በቀጥታ የሚበርባት፣ የመርካቶ ነጋዴ እንደ ጎረቤት የሚመላለስባት ከተማ ናት። ሺያኦቤይ በሚባለው ሰፈር አፍሪካዊውና ዐረቡ ስለሚበዛ አዲስ ሰው ብዙ አይደናገጥም። ነገሩ የሚጀምረው ከሰፈሩ ሲወጣ ነው። ውሃ ስጡኝ ስትል የሚቀርብልህ ትኩስ ውሃ ነው፤ በዚያ ሙቀትም ቢሆን። ጠዋት በር ላይ የሚያገኝህ ሽማግሌ «በልተሃል ወይ?» ይልሃል፤ ሊጋብዝህ አስቦ ሳይሆን እኛ «እንዴት አደርክ» እንደምንለው ነው። ገንዘብም ሆነ የንግድ ካርድ የሚሰጠውና የሚቀበለው በሁለት እጅ ነው፤ እዚህ ላይ እናቶቻችን ያስተማሩን ይበቃናል። ቾፕስቲክን ሩዝ ላይ ቀጥ አድርጎ መሰካት ነውር ነው፤ ለሙታን የሚጨስ ዕጣን ይመስላልና። አራት ቁጥር አጠራሩ «ሞት» ከሚለው ቃል ጋር ስለሚቀራረብ በብዙ ሕንጻ ላይ አራተኛ ፎቅ የሚባል የለም። ስምም ይገለበጣል። እነሱ የቤተሰብ ስም ያስቀድማሉ፤ በእኛ ፓስፖርት ደግሞ በዚያ ቦታ የሚገባው የአያት ስም ነው። ስለዚህ ባንክ ቤት ወረፋዬ ሲደርስ የሚጠሩት አያቴ ነበሩ፤ አላህ ይዘንላቸውና እሳቸው ጂማን እንኳ አላዩም።

ሙስሊሙን በይበልጥ የሚያሳስበው ምግብና ሰላት ነው። ምግቡ ከተፈራው ይቀላል። «ቺንግዠን» የሚል ጽሑፍ፣ ብዙ ጊዜም ከጎኑ በዐረብኛ «ሐላል» ተብሎ የተጻፈበት የኑድል ቤት በየከተማው አለ። ባለቤቶቹ አብዛኛውን ጊዜ ከቺንግሃይና ከጋንሱ የመጡ ቻይናውያን ሙስሊሞች ናቸው፤ ሁይ ይባላሉ። ከቻይና መስጂዶች ሁሉ ቀደምት ከሚባሉት አንዱ፣ ሁዋይሸንግ፣ የሚገኘውም ጓንግዡ ነው። በሰሐቢዩ ሰዕድ ኢብን አቢ ወቃስ (ረ.ዐ) ስም የሚጠራ መቃብርም አለ፤ ከአጠገቡ ትልቅ መስጂድ ተሠርቷል። ሰዕድ የተቀበሩት መዲና መሆኑን የታሪክ መጻሕፍት ይናገራሉ፤ የቻይና ሙስሊሞች ግን ትውፊታቸውን ለዘመናት ጠብቀውታል። ጁሙዓ ቀን እዚያ ሶፍ ላይ ስትቆም በግራህ ማሊያዊ፣ በቀኝህ የሁይ ሽማግሌ ይኖራል። ኢማሙን «አሆንግ» ይሏቸዋል። ኹጥባው ባይገባህም «አላሁ አክበር» ሲባል ቤትህ ነህ።

ይህን ስል ሁሉም ነገር የተመቸ ነው ማለቴ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው የውጭ አገር ተማሪዎች ደንብ የተማሪው እምነት ይከበር ቢልም፣ ዩኒቨርሲቲዎች የአምልኮ ቦታ እንዳይሰጡ ይደነግጋል፤ በግቢ ውስጥ ሃይማኖታዊ ስብሰባንም ይከለክላል። ሰላታችሁን በክፍላችሁ፣ ጁሙዓን በመስጂድ ትሰግዳላችሁ። በሺንጂያንግ ባሉት የኡይጉር ወንድሞቻችንና እህቶቻችን ላይ ከባድ የመብት ጥሰት መፈጸሙን የተባበሩት መንግሥታት የሰብአዊ መብቶች ጽሕፈት ቤት እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው ሪፖርት ገልጿል፤ የቻይና መንግሥት ሪፖርቱን አልተቀበለውም። ይህን ሳያውቁ መሄድ ተገቢ አይደለም። ኑድል የሚሸጥልንን፣ ሥራ የሚያለማምደንን ተራ ሰው በዚህ መጥላትም እንዲሁ ተገቢ አይደለም።

የሚከብደው ግብዣ ነው። ውል ሲፈጸም የፋብሪካው ባለቤት እራት ይጠራል፤ ክብ ጠረጴዛ ላይ ሳህኑ ይዞራል፣ «ጋንበይ» እየተባለ ብርጭቆ ይነሳል። አንዳንዱ ልጅ ፊቱን ያጨማድዳል፤ አንዳንዱ ደግሞ እንጀራዬን አጣለሁ ብሎ ይቀምሳል። ሁለቱም አያስፈልግም። ቻይናውያን ራሳቸው «በአረቄ ፈንታ ሻይ» የሚሉት ልማድ አላቸው፤ ሻይን በሁለት እጅ አንስቶ፣ ብርጭቆን ከሽማግሌው ብርጭቆ ትንሽ ዝቅ አድርጎ ማጋጨት ሙሉ ክብር ነው። ከዚህ የሚሻለው ግን ቀድሞ ጋባዡን አነጋግሮ ግብዣውን ወደ ሁይ ምግብ ቤት ማዞር ነው፤ አረቄ የሚዞርበት ማዕድ ላይ መቀመጥን ዑለማዎቻችን አጥብቀው ያስጠነቅቃሉና። ያልተለመደ ምግብ ሲቀርብ እንዴት እንደሚሆንም ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) አሳይተውናል። የተጠበሰ የበረሃ እንሽላሊት ሲቀርብላቸው እሳቸው አልበሉም፤ ምክንያቱ በአገራቸው ያልለመዱት መሆኑ ብቻ እንደሆነ ተናገሩ፤ ኻሊድ ኢብኑል ወሊድ (ረ.ዐ) እዚያው ፊታቸው በላ። ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበውታል። አለመብላት ሌላ፣ መጸየፍ ሌላ ነው።

ሌላው የየዕለቱ ገጠመኝ ስልክ ነው። ሜትሮ ውስጥ ሳያስፈቅዱ ፎቶ ያነሱኛል፤ ፀጉሬን የዳበሰ አለ፤ ክንዴን በጣቱ አሽቶ ቀለሙ ይለቅ እንደሆነ ያየ ሕፃንም አለ። አብዛኛው ክፋት የለበትም። በቀን አሥር ጊዜ ሲሆን ግን ሰውነትህ ይረሳና ትርኢት ትሆናለህ። በሁለት ዓመት ውስጥ ስንት ጊዜ ፎቶ እንደተነሳሁ አላህ ይወቀው፤ አንድ ዩዋን የከፈለኝ ግን የለም።

ወደ ኮልቾ የሚያመጣኝም ይኸው ነው። ኮልቾ ከቱርሚ ወደ ምዕራብ ተጉዘን የምናገኛት፣ የኦሞ ወንዝ ሲታጠፍ ከገደሉ አፋፍ ቁልቁል የሚታይባት የካሮ መንደር ናት። ካሮዎች ቁጥራቸው ከጥቂት ሺህ የማይበልጥ፣ ቋንቋቸው ከሐመርና ከበና ጋር የሚዛመድ ሕዝብ ናቸው። ገላቸውን በነጭ ኖራ የሚያስጌጡበት ጥበብ የዓለምን ዓይን ስለሳበ ቱሪስቱ ሁሉ ካሜራ ደግኖ ይመጣል። እነሱም ለሚነሱት ፎቶ ገንዘብ ይጠይቃሉ። በዚህ ጉዳይ ከእኛው ልጆች አፍ የምሰማው ደስ አይለኝም፦ «ገንዘብ ለምደዋል»፣ «ኋላ ቀር ናቸው»፣ «ፎቶ ተነስተን እንመለሳለን»። ወላሂ፣ ጓንግዡ ላይ እንደ ካሮ ሰው ዋጋ ለመጠየቅ ድፍረቱ ቢኖረኝ በወደድኩ። ፊቱ የራሱ ነው። ፎቶው ፖስት ካርድና የድርጅት ማስታወቂያ ሲሆን እሱ እጅ የሚገባው ያችው ብር ብቻ ናት።

ፎቶ አንስቶ የሚመለስ ሰው የማይሰማው ታሪክም አለ። ካሮዎች ለዘመናት ማሽላቸውን የሚዘሩት ኦሞ ሞልቶ ሲመለስ በሚተወው ርጥብ ደለል ላይ ነበር። 243 ሜትር ከፍታ ያለው የግልገል ጊቤ 3 ግድብ እ.ኤ.አ. በ2015 ውሃ መያዝ ጀመረ፤ በ2016 መጨረሻም ተመረቀ። ከዚያ ወዲህ ያ የየዓመቱ ሙላት እንደ ድሮው አይመጣም። ግድቡ 1,870 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው የአገር ሀብት ነው፤ የኤሌክትሮ መካኒካል ሥራው የተሰጠው ለቻይናው ዶንግፋንግ ኩባንያ ነበር። ከኮልቾ በላይ በኩል ያሉትን የኦሞ ኩራዝ ቁጥር 2 እና ቁጥር 3 ስኳር ፋብሪካዎች የገነባውም የቻይና ተቋራጭ ነው። ለካሮ ሰው ቻይና ሩቅ አገር አይደለችም ማለት ነው፤ በወንዙ በኩል ደርሳዋለች። የወንዙን ዳር አርሶ ያረጀ ሰው ስለዚህ ሁሉ የሚለው አለው። ካልጠየቅነው ግን አይነግረንም።

እዚህ ላይ ራሳችንን እንመርምር። ወደ ቻይና የሚሄድ ልጅ ቋንቋውን በዩቲዩብ ያጠናል፣ ነውሩንና ወጉን ይጠይቃል፣ በሁለት እጅ መቀበልን ይለማመዳል። ያው ልጅ ጂንካ ውስጥ አራት ዓመት ተቀምጦ በአርኛ ወይም በካሮኛ «ደህና ዋላችሁ» ማለት አይችልም። ለምን? ቻይና ሥራና ገንዘብ አላት፤ ካሮ የሚሰጠን የለውም ብለን ስላሰብን ነው። ለሚጠቅመን ሰው ብቻ የምናወጣው አደብ ንግድ ነው። ያ ዓይነቱ አደብ ጥቅሙ በቀረ ማግስት ይቀራል፤ ቻይናዊውም ቢሆን ቶሎ ያውቅብናል።

«ባህላቸው ከዲናችን ጋር አይሄድም፣ እንዴት እናነጻጽራለን?» የሚል ይኖራል። የቻይናስ አረቄና አሳማ ከዲናችን ጋር ይሄዳል? ልዩነት መኖሩ አደብን አያስቀርም። ቻይና ድረስ ሄዶ ዕውቀት ስለመፈለግ የሚነገረውን ሐዲስ ብዙዎቻችን እንወደዋለን፤ የሐዲስ ሊቃውንት ግን ደካማ፣ ከፊሎቹም የተፈጠረ ነው ብለውታል። ቁርኣን ይበቃናል። በሕዝቦችና በጎሳዎች የተከፋፈልነው እንድንተዋወቅ መሆኑ የተነገረን በሱረቱል ሑጁራት 13ኛው አንቀጽ ነው፤ ከዚያው ሁለት አንቀጽ ከፍ ብሎ አንዱ ሕዝብ በሌላው እንዳይሳለቅ ታዘናል። ሰሐቦችም እ.ኤ.አ. በ615 ገደማ ወደዚሁ ወደ ሐበሻ ሲሰደዱ ቋንቋውም ሃይማኖቱም የእነሱ አልነበረም። ጀዕፈር ኢብን አቢ ጧሊብ (ረ.ዐ) እስከ ኸይበር ዘመን ድረስ፣ ከአሥር ዓመት በላይ ቆዩ። ዲናቸውን አልሸሸጉም፤ የተቀበላቸውንም ሕዝብ አላዋረዱም።

ስለዚህ የጉዞው አስተባባሪዎች እነዚህን ነገሮች ቢያስቡባቸው እላለሁ። ስልካችን ሰላምታ ተለዋውጠን እስክንቀመጥ ድረስ ከኪሳችን አይውጣ። ከካሮ አስጎብኚው ጥቂት የሰላምታ ቃላት በመኪና ውስጥ እንማር። ፎቶ የሚፈልግ ይጠይቅ፤ ዋጋው ሲነገረው ሳይከራከር ይክፈል፤ ያነሳውንም ለባለቤቱ ያሳይ። ዓይናችንን ዝቅ እንድናደርግ የታዘዝን ሰዎች የሌላ ሰው ገላ በስልካችን ይዘን መዞራችንና ቴሌግራም ላይ መለጠፋችን ቢቀር የመጀመሪያው ተጠቃሚ ዲናችን ነው። ከቡና ገለባ የፈላው በቅል ሲቀርብልን በሁለት እጅ እንቀበል። ሥጋ ወይም ጠላ ከቀረበ እጃችንን ደረታችን ላይ አድርገን፣ ምክንያቱን ተናግረን፣ አመስግነን እንለፍ። ጓንግዡ ላይ የሚያስፈልገውም ከዚህ የተለየ አይደለም።

ስንመለስ ደግሞ እያንዳንዳችን ቢያንስ የአንድ ካሮ ሰው ስም ከነአባቱ ይዘን እንመለስ። ስማቸውን የማናውቃቸው ሰዎች ፎቶ ስልካችንን ከሚሞላው ይልቅ፣ በሚቀጥለው ዓመት ስንሄድ ስሙን ጠርተን ቤቱን የምንጠይቀው አንድ ሰው መኖሩ ይበልጣል።