በስሜ የተጻፈ፣ እኔ ያልጻፍኩት

የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የአማርኛ መምህሬ ዛሬ ሰማንያን ተሻግረዋል። ኢሜይል ያስለመደቻቸው የልጅ ልጃቸው ናት። ከጥቂት ወራት በፊት ከእርሳቸው አንድ ደብዳቤ ደረሰኝ፤ ሰላምታው፣ የአንቀጹ አከፋፈል፣ ሥርዓተ ነጥቡ ሁሉ ያኔ በጥቁር ሰሌዳ ላይ እንዳስተማሩን ነው። «ልጄ ሆይ፤ ጥሪህ ሦስት ጊዜ ደርሶኛል። እግሬን ስለሚያመኝ እንደ ልቤ አልወጣም፤ ቀኑንና ቦታውን ብታስታውቀኝ ግን ሰው ይዤም ቢሆን እመጣለሁ። ምላሼ ስለዘገየ አትቀየመኝ» ይላል።

እኔ ማንንም አልጠራሁም።

ነገሩን ስመረምር ጥፋቱ ከራሴ ጣት ሲጀምር አገኘሁት። በአንድ አዲስ የኢንተርኔት አገልግሎት ስመዘገብ «ወዳጆችዎን እንፈልግልዎት?» የሚል ጥያቄ መጥቶ ነበር፤ ቶሎ ለማለፍ ብዬ ተጫንኩት። አገልግሎቱም የአድራሻ መዝገቤን ከዳር እስከ ዳር አንብቦ፣ በውስጡ ላለው ሰው ሁሉ በእኔ ስም ግብዣ ላከ። መልስ ላልሰጡት ደግሞ «ግብዣው አሁንም እየጠበቀዎት ነው» እያለ ደገመ፤ ሠለሰ። የኩባንያውን ስም አልጠራም፤ ይህን የሚያደርገው እርሱ ብቻ አይደለምና ስሙ ለነገሩ ምንም አይጨምርም።

ሙያው ግን ስም አለው። እ.ኤ.አ. በ2010 ሾን ኤሊስ የተባለ አሜሪካዊ የገበያ ባለሙያ «ግሮውዝ ሃከር» የሚል መጠሪያ አወጣ፤ ጀማሪ ኩባንያን ከማሳደግ በቀር ሌላ ሐሳብ የሌለው ሰው ማለቱ ነው። በዚሁ ሥራ የተሰማራ አንድ ወጣት ወዳጅ አለኝ። የመምህሬን ነገር ሳጫውተው ከልቡ አዘነ፤ ወዲያው ግን ተከራከረኝ። «ጋሼ፣ በቴሌቪዥን ማስነገር የሚችለው ገንዘብ ያለው ነው። ገንዘብ የሌለው ጀማሪ ወሬው ከሰው ወደ ሰው ካልተዛመተለት በምን ይታወቃል? ጥሩ ነገር ሠርቶ ሳይታወቅ መሞት ነው የሚሻለው?» ክርክሩ የሚናቅ አይደለም። ድሮፕቦክስን ጠቀሰልኝ፤ ለጋባዡም ለተጋባዡም ተጨማሪ የፋይል ማስቀመጫ ቦታ ይሰጥ ነበር። በሴፕቴምበር 2008 መቶ ሺህ የነበረው ተመዝጋቢ በጃንዋሪ 2010 አራት ሚሊዮን ደረሰ። ይህን አልነቅፍም። ጋባዡ ማንን እንደሚጋብዝ ያውቃል፤ ተጋባዡም ባዶ እጁን አይመለስም።

ሆትሜይልንም ጠቀሰ። እኔም ስጠብቀው የነበረ እርሱን ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 ሆትሜይል ሥራ ሲጀምር፣ ተጠቃሚው በሚልከው በእያንዳንዱ ደብዳቤ ግርጌ ነፃ ኢሜይል እንዲከፍቱ የምትጋብዝ አንዲት መስመር አኖረ። በ1997 መጨረሻ ማይክሮሶፍት ሲገዛው ተጠቃሚው በሚሊዮኖች ይቆጠር ነበር። ያቺ መስመር ማተሚያ ቤት በመጽሐፍ ጀርባ እንደሚያሳርፈው ስም ያለች ናት፤ ደራሲው እንዳልጻፋት ማንም ያውቃል። ነገር ግን ገንዘባቸውን ካዋሉት ሰዎች አንዱ የነበረው ቲም ድሬፐር፣ ከእርሷ ጋር «እወድሃለሁ» የምትል የግርጌ ቃል እንድትታከል ሐሳብ አቅርቦ ነበር። መሥራቾቹ ሳቢር ባቲያና ጃክ ስሚዝ ይህችን አልተቀበሏትም። እስቲ አስቡት፤ ለአለቃዬ፣ ለአበዳሪዬ፣ ለተጣላኋት ሴት በጻፍኩት ሁሉ ግርጌ፣ እኔ ሳላውቅ ፍቅር ሲገለጽ!

ሙግቴ በሙሉ በዚያች በተጣለች ቃል ላይ ነው። ኩባንያው በራሱ አንደበት የፈለገውን ይበል፤ ቢሻው ጎዳና ላይ ይጩኽ፤ ጆሮዬን ይዤ አልፋለሁ። በእኔ አንደበት ሲናገር ግን የሚያወጣው ከራሱ ኪስ አይደለም። እኔና መምህሬ በአርባ ዓመት ካጠራቀምነው ነው የሚያወጣው።

ጉዳዩ ፍርድ ቤትም ደርሷል። እ.ኤ.አ. በ2013 በካሊፎርኒያ የሊንክድኢን ተጠቃሚዎች «በስማችን ለወዳጆቻችን ተደጋጋሚ ግብዣ ልኳል» ብለው ኩባንያውን ከሰሱ። በ2014 ዳኛዋ ሉሲ ኮ ለመጀመሪያው ግብዣ ፈቃድ መስጠታቸውን ተቀብለው፣ ተከትለው በተላኩት ማስታወሻዎች ላይ ግን ክሱ እንዲቀጥል ወሰኑ። ኩባንያው ጥፋቱን ሳያምን በ2015 13 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። የዳኛዋ ልዩነት ለእኛ ባህል እንግዳ አይደለም፤ የመምህሬም ልብ የተነካው በሦስተኛው ነው፤ ሦስቴ ተጠርቶ መቅረት ነውር ነዋ።

ለነገሩ ይህ መንገድ ከነዚህ ኩባንያዎች ዕድሜ ይበልጣል፤ ለእኛም ሩቅ አይደለም። በኤፕሪል 1994 ሎረንስ ካንተርና ማርታ ሲግል የተባሉ በአሪዞና የሚሠሩ ባልና ሚስት ጠበቆች፣ ከ5,000 በሚበልጡ የዩዝኔት የውይይት መድረኮች ላይ አንድ ማስታወቂያ በተኑ። ስለ ምን ቢሉ፣ ስለ ዲቪ! ማመልከቻው ያኔ በፖስታ የሚላክ ተራ ወረቀት ነበር፤ ጠበቃ አያሻውም። ተቀባዮቹ ተቆጡ፤ ጠበቆቹ ግን በኢንተርኔት እንዴት እንደሚበለጸግ መጽሐፍ ጻፉ።

ወዳጄ መቼም በመጨረሻ የሚሸሸገው ቁጥር ውስጥ ነው። «ሠርቷል፤ ቁጥሩን ተመልከት» ይለኛል። ተመልክቻለሁ። የመጡት ተቆጥረዋል፤ ያፈሩና የተቀየሙ የሚሰፍሩበት ዓምድ ግን የለም። እንዲያውም መምህሬ ቦታውን ፍለጋ ያንን ቁልፍ ሳይጫኑት አልቀሩም፤ እንግዲያውስ ከተሳካላቸው ወገን ተቆጥረዋል ማለት ነው።

እኛ ጸሐፍትም ከደሙ ንጹሕ አይደለንም። የመጽሐፍ ምረቃ ሲደርስ በስልካችን ውስጥ ላለው ስም ሁሉ «ክቡር ወዳጄ» እያልን እንበትናለን፤ ካከበርነው መካከል ስሙን የረሳነው ስንቱ ነው? እኔም አድርጌዋለሁ። መጽሐፍ ተሸክሞ የሚዞረው አዟሪ ከእኛ ይሻላል፤ ቢያንስ በገዛ ድምፁ ነው የሚጣራው፤ «አልፈልግም» ሲሉትም ፊት ለፊት ይሰማል።

ለመምህሬ ቤታቸው ድረስ ሄጄ ሁሉንም አስረዳሁ። ሳቁ፤ ቡና ተፈላ፤ ያለፈው አለፈ አልን። ለፋሲካ «እንኳን አደረሰዎ» ብዬ በኢሜይል ጥቂት መስመር ጻፍኩላቸው። ከሰዓት በኋላ ስልክ ደወሉ።

«ልጄ፣ ዛሬ በስምህ አንድ መልእክት ደርሶኛል» አሉኝ። «ይኸኛውስ ያንተ ነው?»